ከባሌ የሸሸሁበት ጾም

እኅቶቼ፣ ጌታ ይመስገን። ዛሬ ስብሰባው የእኛ የሴቶች ብቻ ስለሆነ ደፍሬ ቆምኩ። ጌታ ያደረገልኝን ልመስክር። አትሳቁብኝ፤ ብትስቁም ግድ የለም።

ሁላችሁም "ጿሚዋ ሰናይት" ትሉኛላችሁ። ሰኞ ጾም፣ ረቡዕ ጾም፣ ሃያ አንድ ቀን፣ እንደገና አርባ ቀን። እጄን ጭኜ እንድጸልይላችሁ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የምጾመው ከባሌ ለመሸሽ ነበር። ዳዊት ወደ እኔ ዞር ሲል "ጾም ላይ ነኝ" እለዋለሁ። አማኝ ሰው በጾም ምን ብሎ ይከራከራል? ፊቱን አዙሮ ይተኛል።

ሲቀርበኝ ያመኛል። ከሕመሙ ሌላ የሚሰማኝ ነገር አልነበረም። ጎጃም ተወልጄ በስምንተኛ ቀኔ ተገርዣለሁና የሴት ሁሉ ዕጣ ጥርስን ነክሶ ማሳለፍ ይመስለኝ ነበር።

ቡጎሎቢ ሰፈር ያለው ጸጉር ቤቴ ውስጥ ናካቶ የምትባል የዚህ የምንኖርበት የሰው አገር ልጅ ትሠራለች። ልታገባ ስትል ሴንጋዋ መጣች። ሴንጋ የአባት እህት ናት፤ በነሱ ባህል ሙሽራን ስለ መኝታ የምታስተምረው እሷ ናት። እዚያው ፎጣ እያጣጠፉ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። "ደስታው የባልሽ ብቻ አይደለም፤ ያንቺም ነው" ስትላት ሰማሁ። እኅቶቼ፣ ቀናሁ። ቅናቱ እህል አላስወርድ አለኝ። ያን ቀን ሳላስበው የምር ጾምኩ።

ከሠርጓ በኋላማ እያንጎራጎረች ስትገባ ዓይኗን ማየት አስጠላኝ። ያለ ጥፋቷ እቆጣታለሁ። አንድ ቀን ዳዊት ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ገዝቶልን መጣና ከሷ ጋር ሲሳሳቅ አየሁ። ቤት ስንገባ "ሂድና እሷን አግባ" አልኩት።

ዳዊት ቁጭ አለ። "እኔ የምቀናው በማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝ። "በጌታ። ሁልጊዜ ከእኔ እሱን ትመርጫለሽ። ስትዘምሪ ሳይሽ ልቤ ይጠቁራል። መጸለይ ካቆምኩ ቆየሁ።"

ወይ ጉዴ! ለሰው ሁሉ እጸልያለሁ ስል ባሌን ከጌታ ጋር አጣልቼዋለሁ። ያኔ ወለሉ ላይ ወድቄ ሁሉን ነገርኩት፣ ሕመሙን፣ ውሸቱን። "ምነው ዝም አልሽኝ?" ብሎ አብሮኝ አለቀሰ።

በማግስቱ ያቺኑ የቀናሁባትን ናካቶን ይቅርታ ለምኜ አማከርኳት። ሴት ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ "የተቆረጠው አይመለስም። የሚያምሽ ግን ጠባሳው ነው፤ ይታከማል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ባልሽንም ይዘሽው ነይ" አለችኝ። ስሙ ይባረክ።

ታከምኩ፤ ሕመሙ ለቀቀኝ። ደስታውን ደግሞ ገና ቀስ እያልን እየተማርን ነው። ናካቶ ስትስቅ ዛሬም ትንሽ እቀናለሁ። ሳልጠየቅ የተወሰደብኝን እያወቅሁ እንዴት አልቅና? ይህንንም ለጌታ ሳልደብቅ እነግረዋለሁ፤ አልተቆጣኝም።

እንደ እኔ የጾመች እኅት ካለች ጌታን እመኚው። ለባልሽም ንገሪው፤ ሐኪም ዘንድ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ልጃችሁን ማንም በምላጭ እንዳይነካት።

ባለፈው እሑድ ዳዊት ከጎኔ ቆሞ ዘመረ። ዜማው ጠፍቶት ነበር፤ ስሙ ይባረክ። የረቡዕ ጾም ላይ ግን አትጠብቁኝ፤ ባሌ ምሳ ጋብዞኛል።