የአለቃው ተራ

የጫኞቹን አለቃ ክንድ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። እናቴ «ጠብ ያለሽ በዳቦ» ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም።

ኑሮ ሰማይ በወጣበት በዚያ ሰሞን ደመወዛችን ጭራሽ ዘገየ። አንድ የሽንኩርት ደላላ ቀወት ካለ እርሻ ሽንኩርት የሚጭንለት ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። የከተማው ጫኞች የት ሄደው ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ብጠይቅ የማልወደውን መልስ እንደምሰማ ገብቶኝ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ተማሪዎቼ እንዳያውቁኝ ፊቴን በሻርፕ ጠቅልዬ፣ ዓይኔን ብቻ አስቀርቼ ሄድኩ። አብሮኝ የመጣው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛም እንደኔው ተሸፋፍኖ ነበር።

መኪናው ግማሽ ሳይሞላ ጫኞቹ ደረሱ። ለካ ደላላው የመጫኛ ዋጋ ስለቀነሰባቸው ሥራ አቁመዋል። ፊታችን ተሸፍኖ ሲያዩ እነሱን ለመስበር ከሌላ አገር የመጣን ጉልበተኞች መሰልናቸው። የመጀመሪያው ዱላ ወገቤን ሲያገኘኝ ማዳበሪያው ከትከሻዬ ወድቆ ሽንኩርቱ ተበተነ። የጽሕፈት ቤቱን ሰው የተበተነው ሽንኩርት ላይ ጥለው ረገጡት፤ አፉ ደም ሞላ። ደላላው ጋቢና ገብቶ መስኮቱን ዘጋ።

መሸሽ እችል ነበር። እኔ ግን አጠና አንስቼ ከፊቴ የቆመው አለቃቸው ክንድ ላይ አሳረፍኩት። ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ጭንቅላቱን ልደግመው አጠናውን ሳነሳ አንዱ ከኋላ ሻርፔን ገፈፈው።

አለቃው ክንዱን ታቅፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝ።

«የልጄ አስተማሪ አይደሉም እንዴ?» አለ።

ዱላዎቹ ቆሙ። አጠናው ከእጄ ወደቀ።

ወጌሻ ጋ የወሰድኩት እኔው ነኝ፤ ደመወዝ አጥቼ እንደመጣሁ በመንገድ ላይ ነገርኩት። ወጌሻው አጥንቱን ሲስብ ትከሻውን ግጥም አድርጌ ያዝኩለት። «ያ አላህ» እያለ ጥርሱን ነከሰ፤ ላቡ እጄ ላይ ወረደ። ክንዱን የሚያንጠለጥልበት ጨርቅ ሲጠፋ ሻርፔን ሰጠሁት።

«ደመወዝ እንዳልገባልዎ ለምን አልነገሩንም?» አለኝ፣ ሕመሙ ጋብ ሲልለት። «እኛም ተቆርጦብን ነው የቆምነው።»

«አፈርኩ» አልኩት።

«ወላሂ፣ እንጀራችንን ለመውሰድ አላፈሩም። ለመታየት ነው ያፈሩት።»

 

ሰኞ ከጽሕፈት ቤቱ ሰው ጋር፣ እሱ ባበጠ ከንፈሩ፣ ቢሮ ለቢሮና ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ዞርን። ከመንግሥት ሠራተኛ ማንም ለደላላው ሊጭን እንዳይሄድ ለመንን። እኔማ ልመናው አልሆን ሲለኝ ተሳደብኩም። የሄደ የለም። ሽንኩርቱ ማሳው ላይ መሽተት ሲጀምር ደላላው የቀድሞውን ዋጋ መለሰ።

ጫኞቹ የተጎዳ ሰው ተራ አይዘሉም፤ ጓደኛው ይሸከምለታል፣ ገቢው ግን የተጎዳው ነው። የአለቃውን ተራ እኔ ልያዝ ስላቸው አንዱ እግሬ ሥር ምራቁን ተፋ። አለቃው «ተዉት፣ ይሸከም» አለ።

ቅዳሜ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ተሸክሜ መኪናው ወደቆመበት አስፋልቱን ሳቋርጥ ተማሪዎቼ ከፊት ለፊቴ መጡ። እጄ ሳላዘው ሻርፑን ፍለጋ አንገቴን ዳበሰ። አለቃው ጥላ ሥር ተቀምጦ ያየኛል፤ ሻርፑ የእሱን ክንድ ይዟል። ማዳበሪያውን አመቻቸሁና፣ ፊቴን እንዳላዞር እየታገልኩ፣ ሰላም ብያቸው አለፍኩ።