ሸቤ ላይ ያየኋቸው ሰው

ዛሬ የስንብት ደብዳቤ የሰጠሁትም እኔ፣ የተጠየቅኩትም እኔ ነኝ።

ጅማ ውስጥ የአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። የንብረት ክፍል ሠራተኛችን ጋሽ ከድር በሥራ ሰዓት ቡና ይነግዳሉ ብዬ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት አገልግሎት በኋላ ያለ ስንብት ክፍያ እንዲሰናበቱ ጻፍኩ። ምስክሩም እኔው ነኝ፤ ሐሙስ ዕለት ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሸቤ ከተማ እሸት ቡና ሲገዙ አይቻቸዋለሁ።

አንብበው ሲጨርሱ "ልጄ፣ አንተስ ሐሙስ ሸቤ ምን ትሠራ ነበር?" አሉኝ።

የአባቴን ቡና ላስለቅም ሄጄ ነበር፤ በሕመም ፈቃድ። (ቡና ሲቀላ ጅማ ውስጥ ጤነኛ ሠራተኛ አይገኝም።)

እሳቸውም ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው "ለማንኛውም አላህ ያሽርህ" ብለውኝ ወጡ።

የእሳቸውን ደብዳቤ ቀድጄዋለሁ። የራሴን ግን ገና አልጻፍኩም።

እናንተስ፣ ራሳችሁ በምታደርጉት ነገር ሰው ልትቀጡ ተነስታችሁ ታውቃላችሁ?