አሸዋ የጫነው አውቶቡስ

ማህዲ ኸሚስ ሞተር ይወዳል፤ ሞተር ሲጮህ ግን ይፈራል። ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለው የደሳለኝ ጋራዥ መካኒክ ነው። ሞተር ተነሥቶ ሲፈተሽ ሁልጊዜ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ስለሚቆም ባልደረቦቹ ይስቁበታል። ምክንያቱን የምታውቀው ሚስቱ ፈሂማ ብቻ ነበረች።

ዐረብ አገር ሳለ የሠራበት ጋራዥ፣ የሀብታም ልጆች በአሸዋ ተራራ ላይ የሚሽቀዳደሙባቸውን መኪኖች ያዘጋጅ ነበር። በትልልቅ ሞተሮች ላይ ሱፐርቻርጀር ይገጥማሉ፤ በቺንጊያ እየዞረ አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ ነው። አየሩ ሲበዛ ነዳጁ ይበዛል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። አንድ ጎረምሳ ታዲያ ለሞተሩ የሚስማማውን ትቶ ከሁሉም ትልቁን አስገጠመ። ሊሞክረው ሲወጣ የማህዲ ጓደኛ ሱሩር፣ የውጫሌ ልጅ፣ አብሮት ገባ። ማህዲ ታች ቆሞ ያይ ነበር። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደና ሞተሩ ፈነዳ። ጎረምሳው ዘሎ ወጣ፤ የሱሩር በር ግን አልከፈት አለ፤ እሳቱ እዚያው አስቀረው። ማህዲ በዚያው ዓመት አገሩ ገባ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጋሽ ዝናው አውቶቡሱን እያስጨሰ ደሳለኝ ጋራዥ ደረሰ። ዝናው በአምባሰል መንገዶች ላይ ያረጀ ሾፌር ነው፤ በየዓመቱ ለመስከረም ንግሥ ተሳላሚ ወደ ግሸን የሚያደርስ እሱ ነው። የአውቶቡሱ ቱርቦ አልቆለት ነበር። ቱርቦም ሥራው ያው አየር ወደ ሞተር መግፋት ነው፤ የሚያዞረው ግን ቺንጊያ ሳይሆን ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው። ደሴ ተፈልጎ ሁለት ተገኘ፤ አንዱ ከትልቅ የጭነት መኪና የወረደ፣ ሌላው ከእሱ በመጠን የሚያንስ።

ዝናው ዐይኑ ትልቁ ላይ ዐረፈ። ትልቅ ሞተር ትልቅ ሳንባ ያስፈልገዋል አለ። ደሳለኝም የደንበኛውን ፊት አይቶ ተስማማ። ማህዲ ግን ትንሹ ይሻላል አለ። ትልቁን ለማዞር ብዙ ጭስ ያስፈልጋል፤ ሜዳ ላይ ይበርራል፣ ዳገት ላይ ቀስ ተብሎ ሲታጠፍ ግን ሳይነቃ መኪናው ይቆማል ብሎ አስረዳ። ዝናው ሳቀበት። የፈራ ሰው ምክንያት አያጣም አለው። ትልቁ ተገጠመ።

በሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ሲሞክሩት አውቶቡሱ እንደ ወጣት ከነፈ። ዝናው ደስ ብሎት ተመለሰ፤ በዚያው ሳምንት ተሳላሚ እንደሚጭን ተናገረ። ማህዲ ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኑ ሳይዞር አነጋ። ጠዋት ከአውቶቡሱ ፊት ቆመና፣

«ጋሽ ዝናው፣ ሰው ከመጫንዎ በፊት አሸዋ ይጫኑ» አለ። «አሸዋ ጭነን የግሸንን ዳገት እንውጣ። አውቶቡሱ ከወጣ እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ዝናው ተናደደ። የማህዲን ፊት ሲያይ ግን ቁጣው በረደለት፤ ሰውየው ወዙ ጠፍቶ አመድ መስሎ ነበር። በየወንበሩ የአሸዋ ጆንያ ተጫነ። ማህዲ አብሮ ለመሄድ አላሰበም ነበር፤ ዝናው፣ «ያስጫንከኝ አንተ ነህ፣ ግባ እንጂ» ሲለው ግን ማምለጫ አጣ። ቢስሚላህ ብሎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። በሩን እንዳይዘጋ ለመነው።

ውጫሌን አልፈው ወደ ግሸን የሚወስደውን ጠጠር መንገድ ያዙ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መንገዱ በጭቃ ላቁጧል። በቀኝ በኩል ገደል ነው፤ ማህዲ ላለማየት ጉልበቱን ያይ ነበር። አንድ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ጎርፍ መንገዱን በልቶታል። ዝናው ፍጥነቱን ቀንሶ፣ መሪውን ጠምዝዞ፣ ነዳጅ ረገጠ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ጉልበት ግን አልመጣም። እንደገና ረገጠ። አውቶቡሱ አንዴ ተንቀጠቀጠና ሞተሩ ጠፋ።

ዝናው ፍሬኑን ያዘ። ጎማዎቹ ቆሙ፤ አውቶቡሱ ግን አልቆመም። ከነአሸዋው ክብደት ጭቃው ላይ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ።

ማህዲ መቼ እንደዘለለ አያውቅም። መሬት ላይ ነበር፤ እግሩም ይሮጥ ነበር፤ ወደ ዳገቱ፣ ከአውቶቡሱ ርቆ። ያን ጊዜ ከኋላው የዝናውን ድምፅ ሰማ።

«ማህዲ፣ ድንጋይ!»

ዞር ሲል ዝናው መሪው ላይ ተጣብቆ፣ በፊት መስተዋቱ በኩል እያየው ነው። ሊወጣ አይችልም፤ እግሩን ከፍሬኑ ቢያነሣ ያበቃል። ማህዲ ያየው ግን ዝናውን ብቻ አልነበረም፤ በር ያልተከፈተለትን ሱሩርንም አየ። ሮጦ ተመለሰ። ድንጋይ አንሥቶ ከኋላ ጎማ ሥር ወረወረ። ጎማው ድንጋዩን ጭቃ ውስጥ ቀበረውና አለፈ። ሌላ ትልቅ አነሣ፤ ይህን መወርወር አይቻልም፣ ተጎንብሶ በእጁ ማስቀመጥ አለበት። ጎማው ከፊቱ ነው፣ ገደሉ ከጀርባው። «ያ አላህ፣ ያ አላህ» እያለ አስቀመጠው። ጎማው ድንጋዩን ነክሶ ቆመ።

ከማሳው ገበሬዎች እየሮጡ መጥተው ድንጋይ ደረደሩበት። ሰው አለበት ብለው ወደ ውስጥ ሲያዩ ያገኙት ጆንያ ነው። የሺሀረግ የምትባል የዚያው መንደር ሴት በየወንበሩ የተቀመጠውን አሸዋ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ለንግሡ በዚህ የምታመጡት ሰው ነው?» አለች።

ማህዲ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ነበር። ዝናው ወርዶ ማህዲ አጠገብ ዘጭ አለ።

«ለካ ፈሪ ለእናቱ የሚባለው እውነት ነው» አለ ዝናው። «ትንሹን ግጠምልኝ።»

ትንሹ ተገጠመ። አሸዋውም እንደገና ተጫነ። ፈሂማ አትሂድ ብላ አልቅሳ ነበር፤ ማህዲም መቅረት ይፈልግ ነበር። እሱ የመረጠውን ዝናው ብቻውን እንዲሞክረው ማድረግ ግን አልሆነለትም። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ዐይኑን ጨፈነ። ዝናው ነዳጅ ረገጠ። ሞተሩ ገና ከሥር ድምፁን ሰብስቦ ገፋ፤ ጎማዎቹ አንዴ ሸተት አሉና መሬት ያዙ። ማህዲ ዐይኑን ሲገልጥ መታጠፊያው ከኋላቸው ቀርቷል። ደስታ አልተሰማውም፤ እጁንም ከወንበሩ አላላቀቀም።

ከዚያ በኋላ ዝናው ተሳላሚ ሲጭን አብረኸኝ ና አለው። ማህዲ አልችልም አለ፤ አላፈረበትም። ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ አንዱን ብሎን ሲፈታ ሲያስር ዋለ። ስልኩ ሲጠራ ማንሣት አቅቶት ለደሳለኝ ሰጠው። ደሳለኝ ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየና ወደ ማህዲ ዞረ።

«ደርሰዋል» አለው። «ሰዉ ወርዶ በእግሩ ተራራውን እየወጣ ነው።»

ማህዲ ብሎኑን ከእጁ አስቀመጠ። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ባልደረቦቹ ያን ቀን አልሳቁበትም።