የጋሽ ቁልፉ አራት ክፍሎች

ጋሽ ቁልፉ ያልናቸው ኪሳቸው ውስጥ ቁልፍ ስለሚንሿሿ አይደለም። የመኪና መለዋወጫ መደብራችን ያለ እሳቸው ስለማይከፈት ነው። በሩንማ ማንም ይከፍተዋል። ከበሩ ጀርባ ያሉትን፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ በካርቶን የታጨቁትን አራት ክፍሎች ግን ከእሳቸው በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። መካኒክ መጥቶ የተበላ የጎማ ኩሽኔታ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል። ጋሽ ቁልፉ በሁለት ጣት አንስተው ያሽከረክሩታል፤ ጆሯቸው ጋ ያስጠጉታል፤ "ሁለተኛው ክፍል፣ መስኮቱ ስር" ይላሉ ለራሳቸው። ሰውዬው ላቡን ጠርጎ ሳይጨርስ አዲሱን ይዘው ብቅ ይላሉ።

ካርቶኖቹ ላይ አንዲትም ጽሑፍ አልነበረችም። ይህም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እኔ ባንኮኒ ላይ በተቀጠርኩ በዓመቱ የያኔው ባለቤት ለዕቃ ክፍሉ አንድ ረዳት አመጡ። ሰውዬው ቀልጣፋ ነበር፤ ካርቶኖቹ ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች እያነበበ በስድስት ወር ውስጥ የተጠየቀውን ሁሉ ማውጣት ቻለ። ባለቤቱ ጋሽ ቁልፉን ጠርተው፣ "እንግዲህ አንተም ትንሽ ዕረፍ" አሏቸው። ዕረፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ተቀጥሮ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ሰኞ ጠዋት ስንገባ ጋሽ ቁልፉ እሑዱን በሙሉ በቢላና በሙቅ ውሃ ሲፍቁ ውለው ጨርሰዋል። አንዲት ወረቀት አላስቀሩም። ባለቤቱ ጮኹ፤ ዛቱ፤ ጠረጴዛ ደበደቡ። በዚህ መሀል ደንበኛ መጥቶ የፍሬን ሸራ ጠየቀ። ረዳቱ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ጋሽ ቁልፉ በሁለት ደቂቃ አመጡት። ረዳቱ ወሩን አልጨረሰም።

ይህንን ነገር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለቀልድ ስናወራው ኖረናል። አሁን ሳስበው ምኑም አያስቅም። አንድ የፈራ ሰው ሥራውን ለማዳን ብሎ መደብሩን በሙሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ቆለፈው፤ እኛ ደግሞ አጨበጨብንለት።

ባለቤቱ ሲያርፉ ቦታውን ልጃቸው ተረከበች። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ባንኮኒው ስር ወርውራ ከምትሮጥበት ጊዜ ጀምሮ ነው የማውቃት። ገና በመጀመሪያው ወሯ ኮምፒውተር ገዝታ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠች፤ ዕቃውን ሁሉ እንመዝግብ አለች። ጋሽ ቁልፉ ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ "ይሄ ነገር የኩሽኔታ ድምፅ ይሰማል?" ብለው ጠየቋት። መካኒኮቹ በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉበት። እሷም እንደ አባቷ ስለምታያቸው ተወቻቸው። ማሽኑ ሦስት ዓመት ኮት ለብሶ ተቀመጠ።

በነዚያ ሦስት ዓመታት ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሱቅ ተከፈተች። ስፋቷ የእኛን አንደኛውን ክፍል አያክልም፤ ዕቃዋ ግን ሁሉም ስልክ ላይ ይታያል። መካኒኩ መኪና ስር እንደተኛ የተሰበረውን ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ እጁን ሳይታጠብ መልስ ያገኛል። "ሰነፎች!" ይላሉ ጋሽ ቁልፉ። ስንፍና አልነበረም። እኔም መካኒክ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ሄደው የቀረን ትልቅ ደንበኛ የአውቶቡስ ድርጅቱ ብቻ ነበር። ስልሳ አውቶቡስ አለው። እሱ ከሄደ መደብሩ ይዘጋል፤ ሰባታችንም ሠራተኞች ቤታችን እንቀመጣለን። አንድ ማክሰኞ የድርጅቱ ጋራዥ ኃላፊ ራሱ መጣ። ወንበር ስንሰጠው አልተቀመጠም።

"ከአባትሽ ጊዜ ጀምሮ ደንበኛ ነኝ" አላት አለቃችንን። "አሁን ግን አለቆቼ አውቶቡስ ቆሞ የዋለበትን እያንዳንዱን ሰዓት ይጠይቁኛል። ከነገ ጀምሮ የምፈልገውን ዕቃ ቁጥርና ፎቶ በስልክ እልካለሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አለ ወይም የለም በሉኝ፤ ካለ ፎቶውን ላኩልኝ። ማዶ ያሉት በሁለት ደቂቃ ይመልሳሉ።"

"አሥር ደቂቃ?" ጋሽ ቁልፉ ሳቁ። "አምስቱን ደቂቃ ልመልስልህ?"

ኃላፊው አልሳቀም። "ጋሼ፣ እርስዎን እወድዎታለሁ። አውቶቡስ ግን በፍቅር አይሄድም።"

እኔም አልሳቅኩም። የማውቀው ነገር ነበረኛ። ጋሽ ቁልፉ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው እንደዘረጉ ደርቀው ሲቆሙ ካየሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። አንድ ቀን የዘይት ፊልትሮ ተጠይቀው የሞተር ቺንጋ አመጡና ፊቴን ሲያዩ፣ "ልፈትንሽ ብዬ ነው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲጠብቅ "ዕቃ ክፍሉን እያስተካከልን ነው" እያልኩ እሸፍንላቸው ጀመር። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ፈርቼም ነው። እሳቸው ካላወቁ የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ። በአራት ደቂቃ መለስን። "ማዶኞቹ ይስሙ!" ብለው ጮኹ ጋሽ ቁልፉ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው መጣ፤ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ሲወጡ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል።

ሐሙስ ጠዋት የመጣው ፍሪሲዮን ነበር። አውቶቡሱ ዳገት ላይ ተሳፋሪ እንደጫነ ቆሟል። ስልኩን ይዤ ተከተልኳቸው። ሦስተኛው ክፍል ገብተው አንድ ካርቶን አወረዱ፤ አይደለም። ሌላ አወረዱ። "እዚህ ነበር" አሉ። አምስት ደቂቃ። ወደ ሁለተኛው ክፍል ሮጡ፤ በሩ ላይ ቆሙ፤ ተመለሱ። "እዚህ ነበር እኮ፣ ልጄ!" ስምንት ደቂቃ። ካርቶኖቹን እየጎተቱ መሬት ላይ መድፋት ጀመሩ። እኔም አብሬ ደፋሁ። ብሎኑም ጎሚኒውም እግራችን ስር ተንከባለለ። ፍሪሲዮኑን ስናገኘው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሆኗል። ስልኩ ላይ መልእክት ገብቷል፦ "ከማዶ ወስጃለሁ። ሰኞ ጠዋት አንድ ጊዜ ልሞክራችሁ። የመጨረሻ ነው።"

አለቃችን መሬት የፈሰሰውን ዕቃ አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። "እትዬ፣ የምታውቂው ነገር አለ?"

ሁሉንም ነገርኳት።

"ለምን እስከዛሬ ዝም አልሽ?"

አፈርኩ።

ያን ጊዜ ጋሽ ቁልፉ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ጣሳ ይዘው ወጡና ባንኮኒው ላይ ገለበጡት። የተፋቁት ወረቀቶች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት አስቀምጠዋቸዋል! "አልጣልኳቸውም" አሉ፤ "መልሰን እንለጥፋቸው።" አለቃችን አንዱን አነሳች፤ ሌላውን አነሳች። "ጋሼ... እነዚህ መኪኖች እኮ ዛሬ መንገድ ላይ የሉም።"

ጋሽ ቁልፉ ወረቀቶቹን ሰብስበው ወደ ጣሳው መለሷቸው። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱና ኮታቸውን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሱ።

"ይሄ ነገር እስካሁን ይሠራል?"

መደብሩን ዘግተን ጀመርን። እሳቸው ካርቶን ይከፍታሉ፤ ይናገራሉ፤ እኔ ፎቶ አንስቼ እጽፋለሁ፤ እሷ አዲስ ቁጥር ትለጥፋለች። አንዳንዴ ከአፋቸው እንደ ውሃ ይወርድ ነበር። "ይሄ የውሃ ፓምፕ ለጭነት መኪና ተብሎ የመጣ ነው፤ ግን ጎሚኒው፣ ይሄ የጎማ ማሸጊያው፣ ከተቀየረ አውቶቡሱም ይቀበለዋል። ጻፊ። ይህን ፋብሪካውም አያውቀውም።" ጻፍኩ። አንዳንዴ ደግሞ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ቆመው ዕቃውን እንደ እንግዳ ሰው ያዩታል። ያኔ እኔና አለቃችን ስልኩ እንደተበላሸ እያስመሰልን እስኪመለሱ እንጠብቃለን። እየጠበቅሁ በልቤ ራሴን እሳደብ ነበር። ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ ጤነኛ ሆነው ሳሉ ያ ማሽን ኮት ተሸክሞ ቆመ። እሑድ መሸት ሲል ሦስት ክፍል ጨረስን። አራተኛው ቀረ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ መልእክቱ ገባ። የውሃ ፓምፕ። ቁጥሩን ስጽፍ ተሳሳትኩ፤ እንደገና ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ዕቃ የለም አለኝ። "የውሃ ፓምፕ፣ አውቶቡስ" ብዬ ጻፍኩና ማስታወሻዎቹን ፈለግሁ። ወጣ፦ የጭነት መኪና ፓምፕ፣ ጎሚኒው ከተቀየረ አውቶቡስ ይቀበላል፤ ሦስተኛው ክፍል፣ አራተኛው መደርደሪያ፣ ዘጠነኛው ካርቶን። ሮጥኩ፤ እዚያው ነው። ፎቶውን ከነማስታወሻው ላክሁ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም።

ስልኩ ጮኸ፦ "ማዶኞቹ የለም ብለዋል። ሰው ልኬያለሁ። እንቀጥላለን።" አለቃችን ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ጋሽ ቁልፉ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ።

"ማን አወጣው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ሳትጠሪኝ?"

"ሳልጠራዎት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃያ ሁለት ዓመት የፈሩት ነገር ይኸው ነበር፤ በገዛ አፋቸው አምጥተውታል። ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ተነሱና፣ "ነይ፣ አራተኛው ክፍል ቀርቶናል" አሉኝ።

የመጀመሪያውን ካርቶን አወረዱ። ውስጡ ያለውን ብረት በሁለት ጣት አነሱት፤ አሽከረከሩት፤ ጆሯቸው ጋ አስጠጉት። ስልኬን ደግኜ ጠበቅሁ። እንደገና አሽከረከሩት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉኝ።

ሊፈትኑኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ፊታቸውን ሳይ ግን ፈተና አልነበረም።

"ደክሞዎታል፣ ጋሼ። ነገ እንቀጥል?"

"አይሆንም" አሉ። "ነገ የማውቀው ከዛሬው ያነሰ ነው። ፎቶውን አንሺ። ከስሩ፣ ቁልፉ አላወቀውም ብለሽ ጻፊ።"

አነሳሁ። እንዳሉኝም ጻፍኩ። እሳቸው ሁለተኛውን ካርቶን ከፈቱ።