ጭምቱ የዘለለው አንቀጽ

ዲስኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ከወዲሁ ተናግሬው ይውጣልኝ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ ከጭምቱ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ለሁለት ተከራይተን እንሠራለን። እሱ ሶፍትዌር ይጽፋል። ጭምቱ ያልነው እኛ ጎረቤቶቹ ነን፤ ለሰላምታ እንኳ ቃል የሚሰስት ሰው ነው።

አፉን የሚፈታው ለታላቅ እህቱ ብቻ ነው። እትዬ ዓይነ ስውር ናት፤ እንደሷ ማየት የተሳናቸውን ልጆች ታስተምራለች። ከልጅነቱ ጀምሮ ወረቀቷን የሚያነብላት እሱ ነው። አንዴ ታሞ ሲተኛ ከመሥሪያ ቤቷ የመጣ ደብዳቤ ሳይነበብ ቦርሳዋ ውስጥ ሰነበተ፤ የደረጃ እድገቷም በዚያው አመለጣት። ወረቀት ስካን አድርጎ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ልሥራ ያለው ያኔ ነው።

ፕሮግራም መጻፊያውም ሆነ የድምፅ ማቀናበሪያው ዋጋቸው አይቀመስም ነበር። ክራክ የተደረገውን፣ ሳይገዙት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረውን ኮፒ፣ በዲስክ ሰጠሁትና ከባሕር ማዶ መጥቶ ማን ይጠይቅሃል አልኩት። መጀመሪያ እጁን ሰበሰበ። ለኩባንያው ጽፎ ፈቃድ ለመነ፤ መልስ የሰጠው የለም። ከሁለት ወር በኋላ ዲስኩን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ ኪሱ ሲከት እንዳላየ ሆንኩ። አራት ዓመት ለፋበት። የሚያነብለት ሰው ስላጣ የገዛ ድምፁን፣ የውጭ ጫጫታ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ፊደል በፊደል ቀዳ። ቃል የሚሰስተው ሰው በፕሮግራሙ በኩል የልጆቹን የመማሪያ መጽሐፍ በሙሉ ማነብነብ ጀመረ።

የትምህርት ቢሮው ፕሮግራሙን ወደደው። ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሊያደርሰው ፈለገ፤ ለዚህ ግን ሠሪውና በተማሪዎቿ ላይ የሞከረችው እህቱ ውል መፈረም ነበረባቸው። ጭምቱ እንደ ልማዱ ውሉን እዚችው ክፍላችን ውስጥ ራሱ አነበበላት። ስምንተኛውን አንቀጽ ሲጨርስ ወደ አሥረኛው አለፈ። እኔ ከኋላው ቆሜ ዘጠነኛውን አነበብኩት፦ ሶፍትዌሩ የተሠራባቸው መሣሪያዎች በሙሉ በሕጋዊ ፈቃድ የተገኙ ናቸው፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ሁለቱም ፈራሚዎች በሕግ ይጠየቃሉ ይላል። ብትሰማው እንደማትፈርም ያውቃል። ካልፈረመች ደግሞ እነዚያ ሁሉ ልጆች የሰው ዓይን ሲለምኑ መኖራቸው ነው። እኔም አፌን ያዝኩ፤ ፈሪ ነኝ። ማስመሪያ አስደገፈላትና ፈረመች።

በማግስቱ ውሉን ወደ ቢሮው ከመውሰዷ በፊት ይዛው ክፍል ገባች። ለተማሪዎቿ የወንድሟን ጉብዝና ልታሳይ ስካነሩ ላይ አደረገችው። አሥራ ሁለት ልጆች ጸጥ ብለው እያዳመጡ የጭምቱ ድምፅ ከአንድ ጀምሮ ተራ በተራ አነበበ። ዘጠነኛውንም አነበበው።

ከምሳ በፊት እኛ ጋ መጣች። ጭምቱ ምንም አልካደም፤ ከሀ እስከ ፐ ነገራት። እኔም ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

"ዲስኩን አንተ ሰጠኸው" አለችኝ። "አንቀጹን የዘለለብኝ ግን እሱ ነው።"

ለልጆቹ ብዬ ነው እያለ ለመናት። ሲለምን ሰምቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላው። እሷ፣ ያንን መሣሪያ የሠሩትም እንደ አንተ ዓመታት የለፉ ሰዎች ናቸው አለችው፤ ያንተን ልፋት አንዱ ብድግ አድርጎ ቢወስደውስ ብላ ጠየቀችው። ውሉን ከቦርሳዋ አውጥታ ቀደደችው። አራት ዓመቱ በዚያው አበቃ ብዬ እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ።

እሷ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር።

"ቤት ውስጥ አንተ ያነበብክልኝ ወረቀት ካርቶን ሙሉ አለ" አለችው። "ከዚያስ ውስጥ የዘለልከው አለ?"

የለም አለ። በእናታቸው ስም ማለ።

"ላምንህ እፈልጋለሁ" አለች። "ግን በምን ልወቅ?"

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ እኛ ጋ ትመጣለች። አሮጌ ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛ ስካነራችን አጠገብ ትቀመጥና አንድ በአንድ እያስነበበች ያኔ እሱ ካነበበላት ጋር ታስተያያለች፤ ጭምቱ ወንበሩ ላይ ኩምትር ብሎ የራሱን ድምፅ ይሰማል። እስካሁን የተዘለለ አልተገኘም። ትናንት የዓይኗ ምርመራ ውጤት ተነበበ። ያንን ሲያነብላት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር፤ የማየት ተስፋ የላትም የሚለውን እንኳ አልዘለለባትም። ተነብቦ ሲያልቅ፣ ጭምቱ አሁንስ ይበቃታል ብሎ ቀና አለ።

እሷ ፌስታሉን ዳብሳ ሌላ ወረቀት አወጣች።