የሺእመቤት ትክክል ነበረች

ይህን ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ። ስንት ጊዜ ከፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ቁጣዬን ስናዘዝ ይህቺን አንዷን እየዘለልኳት አለፍኩ። እሳቸው የኑክሌር ፊዚክስ አያውቁም፣ አይገባቸውም እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። የሰው ልፋት መግደል ምን እንደሆነ የማይገባው ቄስ የት አለ?

ስሜ የታወቀው በአንድ ጥናት ነው። አንድ ብረት ምን ያህል ኒውትሮን እንደሚውጥ ለክቼ አወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ በዘርፉ የሚጽፍ ሁሉ ቁጥሬን ይጠቅሳል። ፕሮፌሰር ያሰኘኝ፣ በየአገሩ መድረክ ላይ ያቆመኝ እሱ ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ማን እንደጠቀሰኝ ነበር። መካነ ሰላም ላይ ዳዊት እየደገምኩ ያደግሁት የመሪጌታ ልጅ፣ ዳዊቴን ትቼ የራሴን ስም እደግም ጀመር።

የሺእመቤት የወግዲ ገበሬ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ያስተማርኳት፣ ለውጭ ትምህርትም እኔው ምስክር ሆኜ የላክኋት። ከዓመታት በኋላ አንድ መጽሔት አንድ ጥናት እንድገመግም ላከልኝ። የገምጋሚው ስም ለጸሐፊው አይነገርም፤ የጸሐፊዋ ስም ግን ከላይ ተጽፏል። የሺእመቤት! ያንኑ ብረት እንደገና ለክታ የእኔ ቁጥር ስህተት መሆኑን አሳይታለች። ከቤተ ሙከራው ግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰውን ኒውትሮን እሷ ቀንሳዋለች፤ እኔ አልቀነስኩም። ግማሹን ሳላነብ ገባኝ። ደግሜ አሰላሁት። ትክክል ናት።

«ልኬቱ አያስተማምንም፤ ጸሐፊዋ ልምድ ይጎድላታል፤ አይታተም» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም። ተናድጄ ነበር? አልነበርኩም። ረጋ ብዬ፣ ቃል መርጬ ነው የጻፍኩት።

ጥናቷ ወደቀ። መመረቂያዋ እሱ ነበርና ትምህርቷን ሳትጨርስ ተመለሰች፤ መካነ ሰላም ፊዚክስ ታስተምራለች ሲሉ ሰማሁ። ሰምቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ባለፈው ዓመት ለአባቴ ተዝካር ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አብሽሩ ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያኔ ያ ጥናቴ እርስዎ እጅ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ስህተቴን ያሳዩኝ ነበር። የት ጋ እንደሳትኩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም» አለች።

«የእግዜር ፈቃድ ነው» አልኳት። በእኔ ኃጢአት እግዚአብሔርን ከሰስኩ።

በማግስቱ ወደ ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀምጬ ነበር። ሳይነሳ ወረድኩ። ትምህርት ቤቷ ሄጄ ከክፍል እስክትወጣ ጠበቅኋት።

«ገምጋሚው እኔ ነበርኩ» አልኳት።

«የእኔ መሆኑን እያወቁ?»

«እያወቅሁ።»

«ትክክል መሆኔንስ?»

«እሱንም።»

ጠመኔ የነካ እጇን ጋወኗ ላይ ደጋግማ ጠረገች። «እናቴ ‹ልጄን ትምህርቱ ከበዳት› እንዳለች ሞተች» አለች። «እኔም ያንኑ አምኜ ነው የኖርኩት።»

«ይቅር በይኝ፣ የሺ።»

«መጀመሪያ ቁጥሩን ያርሙ፤ ሰው እየሠራበት ነው» ብላኝ ወደ ክፍል ተመለሰች። ተማሪዎቹ ሲነሱላት ከውጭ ሰማሁ።

ጥናቴ እንዲሻር ጠየቅሁ፤ ተሻረ። ምክንያቱ ግን «የልኬት ስህተት» ተብሎ ወጣ። እንዲህ በሉ ያልኩት እኔው ነኝ። ባልደረቦቼ «እንዴት ያለ ሐቀኛ ሰው ነው!» ብለው አመሰገኑኝ። ምስጋናውን ፈገግ ብዬ ተቀበልኩ። ሰው በኃጢአቱ ሁለቴ እንዲህ ይከብራል?

ስለዚህ ነው የምጽፈው። ቁጥሩን ተሳስቼ ነው፤ እሷን ግን አውቄ ነው የጣልኳት። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ያኔ ፀጉሬ ሸብቷል። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። እኔ ነኝ። የምታውቁኝ የአገሬ ሰዎች ይህን ስታነቡ እንደምታዝኑልኝ አውቃለሁ፤ ደግ ናችሁ። አደራ፣ ይቅር በይው ብላችሁ ሽማግሌ እንዳትልኩባት።