ብርቄ ካልመጣች ተረት የለም

ልጅ ሳለሁ ሱሉልታ ዛሬ እንደምታዩዋት የግንብ አጥርና የቪላ አገር አልነበረችም፤ ዓይን እስኪደክም ሣር ነበረች፤ ኅዳር ሲገባ የድርቆሹ ክምር ከቤታችን ጣሪያ በልጦ ይታይ ነበር። ያኔ ምሽቱም ሌላ ነበር። ላሞቹ ታልበው፣ ጥጆቹ ታስረው፣ የኩበቱ እሳት ጢሱን ጨርሶ ፍም ብቻ ሲቀር፣ ኩራዟ ምሰሶው ላይ ትሰቀልና የአባቴ እናት አኮ ዲንቄ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትቀመጣለች። አያት በኦሮምኛ አኮ ነው፤ እኛ ቤት ሁለቱ ቋንቋ እንደ ሁለት ላም አንድ በረት ያድር ነበር። አኮ የሚያስፈራውን በኦሮምኛ፣ የሚያስቀውን በአማርኛ ትነግረናለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ ዛሬ ብጠይቃት ደስ ባለኝ።

ተረቷን እጅ አጣጥፎ መስማት የለም። እርጎው ገንቦ ውስጥ ይገባል፣ አፉ በቆዳ ይታሰራል፣ ገንቦው የገለባ ትራስ ላይ ይጋደማል፣ ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ወዲያና ወዲህ እየገፉ ይንጡታል። ገንቦው ከቆመ ተረቱም ይቆማል። እኔ ከወዲህ ነኝ፤ ከወዲያ ብርቄ ናት።

ብርቄ የሸክላ ሠሪዋ የአስካለ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ከኛ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር፣ ጭቃው ያለበት ነበር። እንዴት ተዋወቃችሁ ትሉኝ እንደሆነ፣ ውሃ ቀድቼ ስነሳ እንስራዬ ሊወድቅ ሲል በጉልበቷ ደገፈችውና «ምነው ተሰብሮ ቢሆን፤ እናቴ አዲስ ትሸጥልሽ ነበር» አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ያለ እሷ ወንዝ አልወረድኩም። ጓደኝነት ሲጀመር እንዲህ ነው ልጆቼ፣ ነጋሪት አይጎሰምለትም።

ተረት እንደ ዘፈን ተቀባይ ይፈልጋል። ታናሽ ወንድሜ ግርማ ሲቀበል ግማሹን ያንቀላፋል። ብርቄ ግን «ኤዬ»፣ አዎ፣ ስትል የእውነት የምታምን ይመስል ስለነበር፣ አኮ እሷን እያየች ነው የምትናገረው።

አንድ ምሽት አኮ ስለ ጥንቸልና ስለ ኤሊ ጀመረችልን። ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው፤ ጥንቸሎቹ «ይህቺን ቀርፋፋ ተዪያት» ቢሏት አሻፈረኝ ያለች ጥንቸል ናት። በበጋ የሜዳው ሣር እሳት ያዘ። ጥንቸሏ ሮጠች፤ ወንዙ ዳር ደረሰችና ዞር ብላ አየች፤ ኤሊዋ እሳቱ ፊት አንዴ እግር፣ አንዴ እግር... እዚህ ላይ እናቴ መጥታ የገንቦውን አፍ ፈታች። ቅቤ የለም። እስከዚያ ድረስ ንጠን ጠብታ ቅቤ የለም።

ያኔ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ወተት ያበላሻል ይባል ነበር። እናቴ ገንቦውን አየች፣ ብርቄን አየች። «አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ ግቢ። ሁለተኛ ወተት ባለበት እንዳላይሽ» አለቻት። ብርቄ አላለቀሰችም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ለአኮ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና ወጣች። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

በማግስቱ ምሽት ገንቦውን አልነካም አልኩ፤ እናቴ ቆነጠጠችኝ፣ አሁንም አልነካም አልኩ፣ ብቻዋን ታቅፋ ናጠችው። ግርማ «አኮ፣ ጥንቸሏስ?» አለ።

አኮ ፍሙን እየቆሰቆሰች «ተቀባዬ የለችም» አለች።

«እኔ እቀበላለሁ።»

«አንተ ተኛ።»

እንዲህ ሆኖ ከረመ። ምሽት ይመጣል፣ ፍሙ ይቀላል፣ አኮ አፏን ዘግታ ትቀመጣለች። ቤቱ እንዴት ሰፊ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት። አባቴ ኦቦ በዳዳ ተረት የልጅ ነገር ነው ይል ነበር፤ ግን ተረት በተጀመረ ቁጥር ከአኮ አጠገብ ተቀምጦ የሚጠግነው ጠፍር አያጣም። አሁን ጠፍሩን ይዞ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል፣ ጠፍሩን ጥሎ ይተኛል።

በመጨረሻ እናቴ አላስችል አላት። «አንቱ ደግሞ፣ ለሸክላ ሠሪ ልጅ ብለው የራስዎን ልጆች ያስከፋሉ?»

«ይህ ገንቦ የማን እጅ ሥራ ነው?» አለች አኮ።

እናቴ ገንቦውን ወደ ግድግዳው አስጠጋች።

«የወጡስ ድስት? አፍሽ የአስካለን ሸክላ ሲልስ ይውላል፤ ልጇ ስታይሽ ነው የሚያምሽ? ገንቦውን ደጅ አውጪና ስበሪው፣ ድስቱንም ስበሪው። ከዚያ ልጅቷን አባሪ። ለሁለት ልጅ የጀመርኩትን ተረት ለአንድ አልጨርሰውም። ይዤው እሞታለሁ።»

አባቴ ከጠፍሩ ቀና ሳይል «ሞት ምን አመጣው፣ እማዬ» አለ። በማግስቱ ግን ገና ሳይመሽ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ፣ እጄን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ።

አስካለ ደጃፏ ላይ ጭቃ እየረገጠች ነበር። «ኦቦ በዳዳ፣ መንገድ ስተው ነው?» አለችው።

«ልጅሽን ልወስድ ነው። እናቴ ተቀባይ አጣች።»

«ነገ ቅቤው እንቢ ሲል ደግሞ ሰዎችዎ እኛን ቡዳ ሊሉን?»

«ቢሉስ» አለ አባቴ።

እግሯን ሳትታጠብ ገባች። ጠላ በጣሳ ይዛ ወጣችና ዘረጋችለት። ልትፈትነው ነው፤ ልጅ ሆኜም ገብቶኛል። ከሸክላ ሠሪ ቤት የቀመሰ ገበሬ ያኔ በሰፈራችን አልነበረም። አጥሩ ዳር ሰው ቆሟል። አባቴ ጣሳውን ተቀበለ፣ እየተጣደፈ ሳይሆን ረጋ ብሎ፣ በመሃል ጢሙን እየጠረገ ጠጣው። ከዚያ ጣሳውን መለሰላትና «ጨምሪልኝ» አለ።

ልጆቼ፣ ስለ ፍቅር ብዙ ተነግሮኛል፤ ከዚያች ከ«ጨምሪልኝ» የበለጠ አልሰማሁም።

ያን ምሽት አኮ ገንቦውን ፍሙ አጠገብ አስጠጉት አለች። የኅዳር ውርጭ ያደረበት እርጎ ቅቤ አይሰጥም፤ እናቴም ይህን ከእናቷ ቤት ጀምሮ ታውቀዋለች። ግን ብርድን ከመውቀስ ሰው መውቀስ ይቀላል። አኮ ብርቄን «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ» ብላ፣ ነይ ልጄ ብላ፣ ቦታዋ ላይ አስቀመጠቻት። ጥንቸሏ ተመለሰች። አፈሩን በፊት እግሯ ጭራ ጓደኛዋን ቀበረቻት፣ ከላይዋ ተኛችባት፣ እሳቱ አልፏቸው ሄደ። የጥንቸል ጆሮ ጫፉ ጥቁር የሆነው ያኔ ተለብልቦ ነው አለች አኮ። ሌሎቹ ጥንቸሎች ሲስቁባት ጆሮዋን አጠፈች? አላጠፈችም፤ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ብርቄ «ኤዬ» አለች። ቅቤውም ወጣ።

እኛም አደግን። ባል ሳገባ ሚዜዬ ብርቄ ናት አልኩ። የባሌ ወገኖች «ሌላ ምረጪ» አሉኝ። «እሺ፣ እናንተም ሌላ ሙሽራ ምረጡ» አልኳቸው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳቀ፤ በዚያ ሳቁ ነው ጨርሼ የወደድኩት። ከብርቄ ጋር ተኳርፈንም እናውቃለን፤ አንድ ክረምት ሙሉ በማይረባ ነገር አልተነጋገርንም፤ ልጄ ስትታመም ግን ሳልጠራት አልጋው ጫፍ ላይ አገኘኋት። ይቅርታም አልተባባልንም። ሥራ ነበረን።

አሁን የልጄ ልጅ ናቲ ሰበታ ፋብሪካ ይሠራል። የብርቄ ልጅ ልጅ ሜሮንም እዚያው ናት። ሚኒባስ ሲጠብቁ ተግባቡ፤ እኛ አላስተዋወቅናቸውም፤ አያቶቻቸው ጓደኛሞች መሆናቸውን ያወቁት እንኳ ኋላ ነው። ሊጋቡ ነው። ታዲያ ማን ቢቃወም ጥሩ ነው? ግርማ። ወንድሜ። «እኅቴ፣ ዘር ማጣራት እኮ ነውር አይደለም፤ የልጅቷን ወገን ሰው ያውቀዋል» አለኝ፣ ጎርመስ ያሉት የልጅ ልጆቹ እየሰሙ።

«እኔም አውቀዋለሁ» አልኩት። «ስድሳ ዓመት ሙሉ አብሬው በልቻለሁ።»

«ሠርጉ ላይ አልገኝም እንግዲህ።»

«ካልክ።»

ያኔ ከአንድ ፍም ዳር ነበር የተቀመጥነው፤ አንድ ተረት፣ አንድ አያት፣ አንድ ቤት። ለእሱ የጥንቸል ወሬ ብቻ ሆኖ ቀረ። ተረት ብቻውን ሰው አያደርግም ማለት ነው። እኔ ጋ የቀረው ተረቱ አይመስለኝም፤ ቃሉን እንኳ ብዙውን ረስቼዋለሁ። የቀረው አፏን ዘግታ የተቀመጠች አሮጊት ናት፤ ልጅ ከጓደኛዋ ስትለይ ዓለም እንደወትሮው መቀጠል የለበትም ያለች፣ የቤቱን ደስታ ያገተች። ሰው ሲወድ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ እንቢ ማለት ነው፤ እንቢ ብሎ ቁጭ ማለት።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። የማይመጣ ይቅር፤ ድንኳኑ እንደሆነ ጠባብ ነው።